ግራ የሚል ጨርቅ

ከዶሮ ማነቂያ ቁልቁል ሲወረድ፣
ከወርቅ ቤቶቹ ኋላ፣ በጠባቡ መንገድ፣
ጓንጉል ይትባረክ ሰዓት አዳሽ ነበር፤
እጁ ከሰዓት ጥርስ፣ ዓይኑ ከደመና ጋር የሚያድር።

ስኳር በተቋጠረበት በፈረንጅ ጋዜጣ
ሥዕል አየ አንድ ቀን፤ ዓሣ የመሰለ ከረጢት ሰማይ የወጣ፤
ከሥሩ የተንጠለጠለ የእንፋሎት ሞተር፣
ከሞተሩ ጎን ባለ ባርኔጣ ሰው፣ ከነፋስ ጋር ሲከራከር።
አርመኑ ጫማ ሰፊ፣ ሙሴ ሃጎፕ፣ መነጽሩን ወልውሎ
አነበበለት እየቆራረጠ፣ ፈረንሳይኛውን በአማርኛ ቀጥሎ፦
"ሦስት የፈረስ ጉልበት አለው ይላል። ወጥቷል። ሄዷልም።
ነፋሱ በልጦት ግን፣ ወደ ተነሳበት አልተመለሰም።"

ያን ሌሊት ጓንጉል አልተኛም።

"መውጣትማ ምን ያስገርማል?" አለን ሲነጋ፣
"ጭስ ይወጣ የለም? ይወጣ የለም ወይ የጤፍ ዋጋ?
መሪ የሌለው ሁሉ፣ ከወጣ ነፋስ ነው ጌታ፤
ጭንቁ መዞሩ ነው፤ የወጡበትን ደጅ ማግኘቱ ማታ።"
"መሪ" የምትለዋን ቃል ጮክ ብሎ ቢጠራት
ሃጎፕ በሩን ዘጋ። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ለብርዱ ነው ብዬ ገመትኩት።

እናቴ አስካለ በሲንጀር መኪናዋ
ቬሎ ነበር የምትሰፋው፣ በአንድ ክፍል ቤቷ።
ሁለት ጣቃ አቡጀዲ ተሸክሞ ሲመጣ፣ "የማን ሠርግ ነው?" አለች።
"የነፋስ" አላት። ሳቀች። ለካች። ቀደደች።
አሥራ ሁለት ክንድ ርዝመቱ፣ አምስት ክንድ ወገቡ፣
ስፌቱ እጥፍ ድርብ፣ ትንፋሽ እንዳያሾልክ ልቡ።
ተልባ ዘይት ቀቡት፤ ሰፈሩ በሽታው ታመመ፤
የጋሽ መኮያ ድመት ላሰችው፤ የመነፋቱ ክብር ለእሷ ቀደመ።
መሪው ተገልብጦ እንዳይገጠም ብላ፣ በሰማያዊ ክር፣
በጅራቱ በኩል "ግራ" ብላ ጠለፈች፤ ማዶ ደግሞ "ቀኝ"፤ እንደ ትራስ ዳር።

ሰው አይጫንባትም፤ አቅሟ አይችልም።
ከብስክሌት የተፈታች ሞተር፣ የዋንዛ መቅዘፊያ፤ ሌላ ምንም።
ከመሪው ላይ ግን ባለ ደወል ሰዓት አሠረ፤
አምስት ደቂቃ ሲሞላ መሪውን እንዲስብ አድርጎ ቀመረ።

በጥቅምት ማለዳ፣ ጃን ሜዳ ጤዛው ሳይረግፍ፣
አሲድና የብረት ፍቅፋቂ በሦስት በርሜል ሲንተከተክ፣ ሲተርፍ፣
አቡጀዲው ቀስ እያለ ወገብ አወጣ፤
ገመዱ ተለቀቀ፤ ሞተሯ ሳሏን ሳትጨርስ፣ መሬት ከሥሯ ታጣ።
ነፋሱ ከምሥራቅ ነው፤ ከጀርባ ገፍቶ
ስድስት ኪሎ አደረሳት፣ ከአጥር በላይ አንስቶ።

ከዚያ ሰዓቱ ጮኸ።
ሰማይ ላይ ሰዓት ሲጮኽ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?
ወተት ሻጩ ቆመ። ዘበኛው ባነነ፤ "ነግቷል?" አለ ወደ ላይ አንጋጦ።

መሪው ዞረ። ዞረች። አፍንጫዋን ወደ ጃን ሜዳ መለሰች፤
ነፋሱና እሷ እኩል ሆኑና፣ እዚያው ቆመች።
ወደፊት የለም፣ ወደኋላ የለም፤
መቅዘፊያው ይዞራል፤ እሷ ግን አትሄድም።
ጓንጉል በሩጫ ከሥሯ ደርሶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣
"ተመልሳለች ይባላል ይሄ?" ብሎ ጠየቀኝ፤ ፊቱ ላብ አርግዞ።

ቤንዚኗ አለቀ። ሞተሯ ዝም ስትል፣
ያ ሲታገላት የነበረ ነፋስ አቅፎ፣ ቁልቁል ቁልቁል፣
ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ፣ ባሕር ዛፍ ላይ አስቀመጣት፤
ከጓንጉል ሱቅ አንድ ጩኸት በምታህል ርቀት።

ጣቢያ ሲወስዱት፣ አንደኛው ጥያቄ "ታርጋዋስ?" ነበር።
ሁለተኛው፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ "መሪው ማን ነው? ተናገር!"
"መሪው ሰዓቱ ነው" አለ ጓንጉል፤ "ጌታዬ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይዞራል።"
ለታርጋዋ ሦስት ቀን፣ ለመልሱ ሁለት ወር ከርሟል።

አቡጀዲ አይጣልም። እናቴ ፈታ አጠበችው፣
በአመድ ዘፍዝፋ፣ በአንሶላ ልክ ቆረጠችው፤
"ቀኝ" ለታናሼ ለይልቃል ደረሰ፤ ለእኔ "ግራ" የሚለው።
ክሩ ጉንጬ ላይ ታትሞ ነበር የማድረው።

ወርቅ ቤቶቹ ፈረሱ፤ መንገዱ ሰፋ። ሱቁ የቱ ጋ ነበር
ቢሉኝ፣ ጣቴ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ እንደዚያች መሪ ሲዞር።
ግራ ገባኝ ይላል ሰው። እኔን ግራ ሲገባኝ፣ ተልባ ይሸተኛል፤
ሰማያዊ ክር ጉንጬን ይነካካል።